ወደ ቤት የምትመለስ ጀልባ፦ የታንኳ ታሪክ ከሐይቅ እስከ ጣና

ውጫሌ ሲባል ብዙዎቻችን መጀመሪያ ትዝ የሚለን ውሉ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ የተፈራረሙት፣ በ17ኛው አንቀጽ ትርጉም ልዩነት የተነሣ እስከ ዓድዋ ያደረሰው ውል። ውሉ የምጽዋን ወደብ ጉዳይም ስለሚነካ፣ ስለ ባሕርና ስለ መርከብ ስናወራ የውጫሌ ስም ብዙ ጊዜ ይነሣል። ከውጫሌ በደሴው መንገድ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትጓዙ ግን ሌላ የውኃ ታሪክ ታገኛላችሁ። ይኼኛው ታሪክ ወደብ የለውም፣ መልሕቅ የለውም፣ ጀልባዋም ሥራዋን ስትጨርስ በሰው ትከሻ ከውኃ ትወጣለች።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህች ጀልባ ነው፤ ስለ ታንኳ። ጥያቄያችን ቀላል ይመስላል፦ የአንዲትን ጀልባ ቅርጽ የሚወስነው ምንድን ነው? “ውኃው ነዋ!” ትሉ ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማግኘት ከሐይቅ ተነሥተን ጣናን፣ እንግሊዝን፣ ግብፅንና አትላንቲክ ውቅያኖስን ማየት አለብን። (ለአቆጣጠር እንዲመቸን ከዚህ በኋላ “ዓ.ም.” ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዓሣው በፊት የነበረች ጀልባ

ሐይቅ የከተማውም የውኃውም ስም ነው። ውኃው 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ትንሽ ነው። ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ለማነጻጸር ያህል፣ ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል እየሰፋ፣ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንዱ እንደ ጉድጓድ፣ ሌላው እንደ ትሪ ነው ማለት ይቻላል።

በሐይቅ ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ዛሬ ቦታው ከየብስ ጋር የተያያዘ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ ቀድሞ ግን ደሴት ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ ያደራጁት ገዳም በመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ ከታላላቆቹ የትምህርት ማዕከላት አንዱ ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት እዚህ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ቦታው ደሴት በነበረ ጊዜ ተማሪው፣ እህሉ፣ ጨውና ብራናው ሁሉ የሚደርሰው በውኃ ላይ ተሻግሮ ነው። ያንን ሁሉ መጽሐፍ ያሻገረ አንድ ነገር ነበር ማለት ነው።

ምን ዓይነት ነገር? በ1520 ወደ ኢትዮጵያ ከመጣው የፖርቱጋል መልእክት ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ስለ ሐይቅ ጽፎልናል። መነኮሳቱ የሚሻገሩበት ነገር ከውኃ ዳር ተክል ታስሮ የተሠራ ሲሆን፣ አራት ትላልቅ ቅሎችም ነበሩበት። ለአልቫሬስ ነገሩ እንግዳ ነበር፤ እሱ ከመጣበት አገር ጀልባ ማለት የእንጨት ሳንቃና ሚስማር ነው።

እኛ ግን በፊዚክስ ዓይን እንየው። ባዶ ቅል ማለት በቀጭን ልጣጭ የታሸገ አየር ነው። ቅሎቹን መሐል ላይ ብታከማቿቸው ጀልባዋ ትንሳፈፋለች፤ ነገር ግን አንዱ ተሳፋሪ ወደ ዳር ሲጠጋ ትዘነብላለች። ወደ ዳርና ወደ ዳር ብታርቋቸው ግን የሚዘነብለው ጎን ያለው ቅል ወደ ውኃ ሲገባ ውኃው መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ተንሳፋፊው አካል ከመሐል በራቀ ቁጥር ጀልባዋ ለመገልበጥ ታስቸግራለች። ዛሬ መንታ ቀፎ ያላቸው ዘመናዊ የሸራ ጀልባዎች ሚዛን የሚጠብቁት በዚሁ ሕግ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሐይቅ ዛሬ በቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣው ይታወቃል፤ ይሁን እንጂ ቆሮሶ ወደዚህ ውኃ የተጨመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ስለዚህ የሐይቅ ጀልባ ከዓሣ አጥማጅነቷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የተማሪና የመነኩሴ መሻገሪያ ነበረች። ለዓሣ ሥራ የተቀረጸችውን ታንኳ በደንብ ለማየት ወደ ጣና መሄድ ይኖርብናል።

ከሣር የተሠራች የሥራ ጀልባ

የጣና ታንኳ ከደንገል ትሠራለች። ደንገል የጥንት ግብፃውያን ወረቀት የሠሩበት ተክል ነው፤ ግንዱ ሦስት ማዕዘን፣ ቁመቱም ከሰው እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ከዚያ በነዶ በነዶ ይታሰራል። ማሰሪያውም ከዚያው ከአካባቢው ነው፤ ከዛፍ የተላጠ ልጥ። ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተጠፍረው ሲያልቁ ፊቷ ወደ ላይ ቀና ይላል። መሐሏ ላይ ተጨማሪ ደንገል ይነጠፋል፤ ጭነቱና ሰውየው ከውኃው ትንሽ ከፍ እንዲሉ ነው። በመቅዘፊያ ወይም በረጅም ዘንግ ትሄዳለች።

በዚህ ሥራ ስማቸው በተለይ የሚነሣው ወይጦ በሚል ስም የሚታወቁት የጣና ዳር ነዋሪዎች ናቸው። ድሮ በታንኳ ሆነው ጉማሬ ያድኑ ነበር፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ታንኳም ይሠራሉ። ከእነሱ ሌላ የደሴቶቹ መነኮሳትም የዘጌ ሰዎችም በታንኳ ኖረዋል። ከዘጌ ጫካ ማገዶ ጭና ባሕር ዳር ገበያ የምታደርሰው ታንኳ ነበረች። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ጣናንና ዓባይን ያጠናው የእንግሊዙ ቆንስል ሮበርት ቺዝማንም በታንኳ ተጉዟል፤ ጥናቱን በ1936 በመጽሐፍ አሳትሟል።

በአገራችን በደቡብም የታንኳ ዘመዶች አሉ። በዓባያ ሐይቅ የጊዲቾ ደሴት ሰዎች እንደ ቡሽ ቀላል ከሆነ የውኃ ዳር ዛፍ ፊቷ ቀና ያለ ጀልባ ይሠራሉ። ተክሉ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፦ ከውኃው ዳር የሚበቅል፣ ቀላል፣ በእጅና በትንሽ መሣሪያ የሚሠራ።

“ለምን የእንጨት ጀልባ አልሠሩም?” ብሎ መጠየቅ ያባት ነው። የሳንቃ ጀልባ ትልቅ ግንድ፣ ረጅም መጋዝ፣ ሚስማር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀዳዳ መድፈኛ ይፈልጋል። ከሁለት ሳንቃ መሐል ውኃ አንዴ ከገባ ጀልባዋ ትሞላለች። ታንኳ ግን ባዶ ሆድ የላትም፤ ስለዚህ “መሙላት” የሚባል ነገር አያውቃትም። ማዕበል ቢወርድባት ውኃው በነዶዎቹ መሐል ፈስሶ ይወጣል። ደንገሉ ደግሞ በነጻ ደጅ ላይ ይበቅላል። አሁን ይህን ካወቃችሁ፣ ታንኳን “ኋላ ቀር ጀልባ” ብሎ ማለፍ ይከብዳችኋል።

ታንኳ ለምን ፀሐይ ላይ ትተኛለች?

የደንገል ግንድ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፤ በጥቃቅን የአየር ክፍሎች የተሞላ። የሚያንሳፍፋት ይህ አየር ነው። ችግሩ ደግሞ እዚያው ላይ አለ፦ ስፖንጅ ውኃ ይጠጣል።

እስቲ ለምሳሌ ያህል እናስላ። ቁጥሮቹ ለሒሳብ እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። የአንዲት ታንኳ መጠን 500 ሊትር ነው እንበል። አርኪሜደስ እንዳስተማረን፣ ውኃ ውስጥ የገባ አካል የገፋውን ውኃ ክብደት ያህል ወደ ላይ ይገፋል። ሙሉ በሙሉ ብትጠልቅ 500 ሊትር ውኃ ትገፋለች፤ ይህ ማለት 500 ኪሎ ነው። ደረቅ ስትሆን 80 ኪሎ ብትመዝን፣ ጀርባዋ ከውኃው እኩል እስኪሆን ድረስ 420 ኪሎ ልትሸከም ትችላለች። ሰፊ ትርፍ ነው። አሁን 250 ኪሎ ውኃ ጠጣች እንበል። የራሷ ክብደት 330 ኪሎ ሆነ። የቀራት 170 ኪሎ ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ቢቀመጡባት ለዓሣው የሚተርፈው 50 ኪሎ ነው።

መፍትሔው ምንድን ነው? ማድረቅ። ዓሣ አጥማጁ ከሥራ ሲመለስ ታንኳዋን ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆማታል ወይም ያስተኛታል። ውኃው ይተናል፣ አየሩ ይመለሳል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ማድረቅ ካለ ማውጣት አለ፤ ማውጣት ካለ ደግሞ መሸከም አለ። ስለዚህ ታንኳ ከመጀመሪያው ስትሠራ ሰው የሚችላት መሆን አለባት። በጣም ብትረዝም ማን ያወጣታል? በጣም ብትከብድ ማን ይሸከማታል? ሆዷ ጠፍጣፋ የሆነው፣ ከሥሯ የሚወርድ ነገር የሌላት፣ በጥልቀት የለሽ ዳርቻ እስከ ሣሩ ድረስ የምትገባው ለዚህ ሁሉ ነው።

የጥያቄያችን ሁለተኛ ግማሽ መልስ ይኸው። የጀልባን ቅርጽ የሚወስነው ውኃው ብቻ አይደለም፤ ከውኃ የሚያወጣት ሰውም ነው። ጀልባ ሁለት ጌታ አላት፤ ውኃውና የብሱ።

እንግሊዞችም እዚያው ደረሱ

ይህ የጣና ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ “ኮብል” የምትባል የእንጨት ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ አለች። በዚያ ዳርቻ በብዙ መንደር ወደብ አልነበረም፤ ያለው አሸዋና ማዕበል ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን በየጊዜው ወደ አሸዋው መጎተት ነበረባቸው። ስለዚህ ኮብል ፊቷ ከፍ ያለና ስለታም ሆነ፣ ማዕበሉን እንድትሰነጥቅ፤ ኋላዋ ደግሞ ጠፍጣፋ ሆነ፣ አሸዋው ላይ እንድትንሸራተት። ፊቷ የውኃው፣ ኋላዋ የየብሱ ናት ማለት ይቻላል።

ከዚያ 1960ዎቹ መጡ። በእንግሊዝ የቤት መኪና ያለው ሰው በዛ። ብዙ ሰው በቅዳሜና እሑድ ባሕር ላይ መውጣት ፈለገ፤ ወደብ ውስጥ ጀልባ ማቆሚያ መከራየት ግን ገንዘብ ይጠይቃል። ጆን ዋትኪንሰን የተባለ የቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንን ለቤተሰቡ የምትሆን፣ ልጆች ተሳፍረውባት የማታስፈራ ጀልባ ፈለገ። በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ከሚያውቃቸው የሥራ ጀልባዎች ተነሥቶ “ድራስኮም ለገር” የምትባለውን ነደፈ። ርዝመቷ 5.7 ሜትር ገደማ ነው፤ ሸራ አላት፤ ከሥሯ የሚወርደው ሚዛን ጠባቂ ሰሌዳም ወደ ላይ ይሳባል። ሰሌዳው ሲሳብ ሆዷ ጥልቀት በሌለው ውኃ ያልፋል፣ ከዚያም በቀጥታ በመኪና ተሳቢ ላይ ትወጣለች።

በ1979 ደግሞ ሮጀር ዶንግሬይ የተባለ ነዳፊ በኮርንዎል “ሽሪምፐር”ን አመጣ። ስሟ ራሱ ከሽሪምፕ አጥማጆች ነው። ሰሌዳዋ ወርዶ 1.22 ሜትር ውኃ ትፈልጋለች፤ ሰሌዳዋ ሲሳብ ግን 46 ሴንቲ ሜትር ይበቃታል። እሷም በተሳቢ ተጭና ቤት ትገባለች። ከሺህ በላይ ተሠርተዋል።

እነዚህ ጀልባዎች ለምን ተወደዱ? አሮጌ ስለሚመስሉ ብቻ አይደለም። ዓሣ አጥማጆች በብዙ ትውልድ የፈተኑት ቅርጽ፣ ማለትም ሰፋ ያለ ሆድ፣ አጭር ሸራ፣ ቀና ያለ ፊት፣ ለጀማሪም ይመቻል። በሥራ ላይ የተሳሳተ ቅርጽ ሰው ያሰጥማል፤ ስለዚህ የቆየው ቅርጽ በሕይወት ዋጋ የተመረጠ ነው። ዋትኪንሰንም ዶንግሬይም የፈጠሩት አዲስ ነገር ነው፤ የተነሡት ግን ሌላ ሰው ካወቀው ነው።

ለመነሣት ደግሞ መነሻ ያስፈልጋል። እንግሊዛውያኑ አሮጌ ቀፎዎች ነበሯቸው፤ የሚለኩ፣ የሚሳሉ፣ በሙዚየም የተቀመጡ። የታንኳ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሥዕሉ የያዘው፣ ሥዕሉ ያልያዘው

የእንጨት ጀልባ መቶ ዓመት ልትቆይ ትችላለች። የታንኳ ዕድሜ ግን የሚቆጠረው በወራት ነው። ደንገሉ ይበሰብሳል፣ ሌላ ትሠራለች፣ እሷም ትበሰብሳለች። ታንኳ እስከ ዛሬ የደረሰችው በዕቃነት ተቀምጣ አይደለም፤ በየዓመቱ እንደገና ስለተሠራች ነው። እውቀቱ የሚኖረው በእጅ ላይ ነው። አንድ ትውልድ ሥራውን ቢተው የሚለካ ቀፎ አይኖርም።

ይህ ግምት አይደለም፤ በታሪክ የታየ ነገር ነው። የጥንት ግብፃውያን የደንገል ጀልባ ነበራቸው፤ በመቃብር ግድግዳዎቻቸው ላይ ሥለዋታል። ከዚያ ጀልባዋ ጠፋች። ደንገሉም ራሱ ከግብፅ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ የኖርዌዩ ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ ነበር የሚለውን ሐሳብ ለመፈተን ፈለገ። ደንገል ከየት ያምጣ? ከጣና። 12 ቶን ያህል ደንገል ከኢትዮጵያ ወደ ግብፅ ተጫነ። የዓባይ ውኃ በየዓመቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ይዞ ማለት ነው። ሠሪዎችስ? ግብፅ ውስጥ ስላልተገኙ ከቻድ ሐይቅ መጡ፤ እዚያ የደንገል ጀልባ ሥራ ገና ሕያው ነበር።

ጀልባዋ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ተሠራች፤ “ራ” ተባለች፤ 15 ሜትር ያህል ትረዝማለች። ግንቦት 25 ቀን 1969 ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ሸራዋን ዘርግታ ተነሣች። ብዙ ባለሙያዎች ደንገሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ በስብሶ ይሰጥማል ብለው ነበር፤ እሷ ግን ወደ ሁለት ወር ገደማ፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘች። ሆኖም ኋላዋ እየረጠበ እየዘቀጠ ሄደ፤ ካሪቢያን ለመድረስ ጥቂት ሲቀራት ተሳፋሪዎቹ ጥለዋት ወጡ።

ስሕተቱ የት ነበር? በግብፃውያኑ ሥዕሎች ላይ የጀልባዋ ኋላ ወደ ላይ ተቆልምሞ ይታያል፤ ከጫፉም ወደ ጀልባዋ ወለል የሚወርድ ገመድ አለ። “ራ” ስትሠራ ኋላዋ እንደ ሥዕሉ ተቆለመመ፤ ገመዱ ግን ቅርጹ ከያዘ በኋላ አያስፈልግም ተብሎ ተተወ። የቻድ ሠሪዎች የራሳቸው ጀልባ እንዲህ ያለ የተቆለመመ ኋላ ስለሌላት ስለ ገመዱ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ውቅያኖስ ላይ ግን የገመዱ ሥራ ታወቀ፦ ኋላዋ እንዳይዘቅጥ እንደ ጅማት ወጥሮ የሚይዘው እሱ ኖሯል። ሥዕሉ ገመዱን ጠብቆታል፤ ምክንያቱን ግን አልጠበቀም። ምክንያቱን የሚያውቁት እጆች ከብዙ ዘመን በፊት አልፈዋል።

በሚቀጥለው ዓመት ሄየርዳል ከደቡብ አሜሪካው የቲቲካካ ሐይቅ የአይማራ ሠሪዎችን አስመጣ። ሁለተኛይቱ “ራ” ግንቦት 17 ቀን 1970 ከዚያው ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ጥንታውያን በእርግጥ ተሻግረዋል ወይ የሚለውን ይህ አያረጋግጥም፤ መሻገር ይቻል ነበር የሚለውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ለእኛ ግን ሌላ ትምህርት አለው። ግብፅ ያጣችውን እውቀት ለመመለስ የኢትዮጵያ ተክል፣ የቻድና የአንዲስ ተራሮች ሰዎች እጅ እና አንድ ያልተሳካ ጉዞ አስፈለገ። ማጣት ቀላል ነው፤ መመለሱ ግን ይህን ያህል ያስከፍላል።

ሞተሩ ሲመጣ

ጣና ላይ ለውጡ የመጣው በ1986 ነው። በዚያ ዓመት በተጀመረ የልማት ፕሮግራም የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ጥቅሙ ግልጽ ነበር፦ ታንኳ ከዳር ብዙ አትርቅም፣ የሞተር ጀልባ ግን መላውን ሐይቅ ታዳርሳለች። ዓሣው ለገበያ በዛ፣ ብዙ ሰው ሥራ አገኘ።

ዋጋም ነበረው። በጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት ማብቂያ እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ በወንዞቹ አፍ ላይ በብዛት ሲሰበሰቡ ደግሞ መረብ ይጠብቃቸዋል። ተመራማሪዎች ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ እነዚህ ወደ ወንዝ የሚወጡ ዓሦች በ75 በመቶ ገደማ መቀነሳቸውን አሳይተዋል። ጥፋቱን ሁሉ ሞተሩ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም፤ መረቡም ገበያውም አለበት፤ በታንኳም ሆኖ በወንዝ አፍ የሚያጠምድ አለ። ግን አንድ እውነት ይቀራል። ታንኳ በድካሟ ምክንያት ለዓሣው እረፍት ትሰጥ ነበር፤ ሩቅ አትሄድም፣ ብዙ አትጭንም፣ ደግሞም መድረቂያ ጊዜ አላት። ያ ገደብ ሲነሣ በምትኩ ሌላ ገደብ፣ ማለትም የዓሣ ማጥመጃ ወቅትና የመረብ ቀዳዳ መጠን ደንብ፣ በሰው መቀመጥ ነበረበት።

ከዚያ በ2011 እምቦጭ ጣና ላይ ታየ። ዳርቻው ደግሞ በእርሻና በግጦሽ እየተገፋ ደንገሉ ከብዙ ቦታ አፈግፍጓል። ታንኳ ሠሪ ደንገል ሩቅ ሄዶ ማጨድ ካለበት ሥራው አያዋጣውም። ደንገሉ ሲያልቅ የሚጎዳው ጀልባዋ ብቻ አይደለችም፦ ደንገል የጎርፍ ደለል ያጣራል፣ ለአእዋፍ መጠለያ፣ ለዓሣ ጫጩት መደበቂያ ነው።

ስለ ወይጦ ሌላም ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። ይህ ማኅበረሰብ ድሮ የራሱ ቋንቋ ነበረው ተብሎ ይታሰባል። በ1907 ጀርመናዊው ምሁር ዩጂን ሚትቮክ ስለ እነሱ ሲጽፍ ግን የሚናገሩት አማርኛ ነበር። ቋንቋው በጽሑፍ ሳይመዘገብ ጠፋ፤ ዛሬ ከየትኛው የቋንቋ ቤተሰብ እንደነበረ እንኳ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የታንኳ ሥራም እንደ ቋንቋ ነው፤ የሚኖረው ሰው ሲጠቀምበት ነው።

የእናንተ ተራ

ታንኳን እንዳለች ለዘለዓለም ማቆየት የሚቻል አይመስልም፤ ማንም ሰው ለቅርስ ሲባል በርጥብ ደንገል ላይ ኑሮውን ግፋ ሊባል አይገባም። ዋትኪንሰንና ዶንግሬይ ያደረጉትን ማድረግ ግን ይቻላል፦ ከሥራ ጀልባዋ ተምሮ አዲስ ጀልባ መንደፍ። አንዲት ከታንኳ የተወለደች ትንሽ የሸራ ጀልባ ምን ምን ያስፈልጋታል?

አንደኛ፣ ክብደቷ። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ከውኃ የሚያወጣት፣ በተሳቢ ወይም በአይሱዙ ጀርባ ከባሕር ዳር ሐይቅ ድረስ የምትጓዝ መሆን አለባት። ሁለተኛ፣ ሆዷ። በዳርቻው ሣር መሐል እንድትገባ ጠፍጣፋ ይሁን፤ ነገር ግን ሸራ የሚይዝ ጀልባ ነፋሱ ወደ ጎን እንዳይገፋት ከሥሯ ሰሌዳ ትፈልጋለች። ስለዚህ ሰሌዳው እንደ ሽሪምፐር ወደ ላይ የሚሳብ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ተንሳፋፊነቷ። ታንኳ የማትሞላው ሆዷ ባዶ ስላልሆነ ነው፤ አዲሲቷም የታሸጉ የአየር ክፍሎች ወይም ውኃ የማይጠጣ ቀላል ነገር ውስጧ ቢኖር ብትገለበጥ እንኳ አትሰጥምም። የሐይቅ መነኮሳት ቅሎች በአዲስ መልክ ማለት ነው። አራተኛ፣ ነፋሱ። ቀን ላይ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋስ ከውኃው ወደ የብሱ ይነፍሳል፤ ማታ ደግሞ የብሱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ በተቃራኒው። ይህን ያወቀ ቀዛፊ ነዳጅ ሳይገዛ ሊሄድም ሊመለስም ይችላል።

እነዚህ ጥያቄዎች በዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ክፍል ብቻ የሚመለሱ አይደሉም። የመጀመሪያው ሥራ ልኬት ነው። አንዲት ታንኳ ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጦ ስንት ነዶ እንደገባ፣ ልጡ ከየትኛው ዛፍ እንደተላጠ፣ የትኛው ቋጠሮ የት እንደታሰረ፣ ደረቅና ርጥብ ክብደቷ ስንት እንደሆነ መመዝገብ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሠሪውን ወይም ሠሪዋን “ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?” ብሎ መጠየቅ። ደብተር፣ ሜትርና ሚዛን ይበቃል። በግብፅ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ገመዱን አሳይቶ ምክንያቱን አልነገረንም፤ የጣና ሠሪዎች ግን ዛሬም አሉ፣ ቢጠየቁ ይናገራሉ። ጣና ዳር ዘመድ ያላችሁ፣ በሚቀጥለው እረፍት ስትሄዱ ደብተራችሁን አትርሱ።